የአዳራሹ ሰባት ቁልፎች

አቶ ላይ ቺንግሹዪ ለቅድመ አያቶቻቸው ብርቱካን ይዘው ሰባት የዘመድ ቤቶች ሙታናቸውን የሚያስቡበት የጋራ አዳራሽ በር ላይ ደርሰው ኪሳቸውን ቢዳብሱ ቁልፉ የለም። ሃካ የሚባለውን የሕዝባቸውን ቋንቋ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መርሳት ጀምረዋል፤ ማንም እንዲነግራቸው ግን አይፈልጉም። ይህን ጊዜ የሃካ ቋንቋ ማኅበር አባሏ ፔንግ ሻውዩን በብስክሌት ስታልፍ አየቻቸውና ወረደች። ባያገኟት ይመርጡ ነበር፤ ወር ሙሉ ስትጨቀጭቃቸው ከርማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃካን በኮምፒውተር የሚያስጽፉ አምስት ፕሮግራሞች አሉ፤ ማንም በነጻ የሚወስዳቸውና የሚያሻሽላቸው። የተቀመጡት ግን በየሠሪያቸው የግል የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው። ሻውዩን በማኅበሩ የጋራ ገጽ ሥር ይሰብሰቡ ትላለች። ሦስቱ ሠሪዎች እሺ ብለዋል። አራተኛው፣ ኪቦርዱን የሠራው ዋን፣ በጸደይ ሞቷል። አምስተኛው አቶ ላይ ናቸው፤ አሥራ አንድ ሺህ ቃል የያዘ መዝገበ ቃላት አላቸው።

«አጎቴ፣ መዝገበ ቃላቱን እኮ አልቀማዎትም።»

«እንዲህ ሳይል የቀማ ቀማኛ አላየሁም። ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የሁሉም የሆነ ቤት ጠራጊ የለውም። ደግሞስ ዋን? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እናንተ ዓመት ሳይሞላው ልትፍቁት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው አልተሳሳቱም፤ ባለቤት ያጣ ሥራ ሲበላሽ ስንቴ አይተናል። ሻውዩንም አልካደችም። ለየሥራው ተጠሪ ይኖራል፣ የሠሪው ስም በመጀመሪያው መስመር ይቀመጣል፣ የይለፍ ቃሉን ግን ሦስት ሰው ይይዘዋል አለቻቸው።

«የዋን ኪቦርድ ቃልን ከቃል የሚለየውን የድምፅ ምልክት ያዛባል» አለች። «ማስተካከያው በእጃችን ነው። ገጹን የሚከፍተው ግን እሱ ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ቅዱታ! ክፍት አይደለም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ቀዳነው እንጂ። ሦስት ሰው ቀድቶ ሦስቱም በየፊናው አረመው፤ አሁን ሦስት ኪቦርድ አለ። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ዛሬም የሚያወርዱት የተበላሸውን ነው። ልጆቹ ‹እናቴ› ብለው ሲጽፉ ምልክቱ ተሳስቶ ይወጣል።»

ይህ የመምህሩን ልብ ነካው። በዚህ መሃል ከሰባቱ ቤቶች የሦስተኛው ቤት ወይዘሮ ጂያንግ መጥተው በራሳቸው ቁልፍ በሩን ከፈቱና ገቡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። የሰባቱም ቤት ሙታን ስም የተጻፈበት አንድ ሰሌዳ ከፊት ለፊት ቆሟል።

«ቁልፉ በእርስዎ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ብርቱካን ማን ያስገባው ነበር?» አለች ሻውዩን።

አቶ ላይ ብርቱካኑን አንድ በአንድ ደረደሩ።

«ለየቤቱ አንድ ብዬ ሰባቱንም ቁልፍ ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቁልፉ አንድ ብቻ በነበረ ጊዜ አባቴ የት እንዳኖረው ሳይነግረን ሞተ። ለገዛ ቀብሩ በሩን ሰብረን ነው የገባነው።» ከዚያም «ዋንን አስቀድሙ፤ የኔ ይከተላል» አሉ።

እሑድ አምስቱም በአንድ ገጽ ሥር ገቡ። ከሦስቱ ኪቦርዶች አንድ ተሠራ፤ በመጀመሪያው መስመር የዋን ስም አለ፤ ለትምህርት ቤቶቹም አዲሱ አድራሻ ተላከ። አንዲት የማያውቋት የሜይኖንግ ከተማ ነርስ በመዝገበ ቃላቱ ስምንት ስህተት አገኘች። አቶ ላይ ሁለት ቀን አኩርፈው ስድስቱን ተቀበሉ። የጋራ ቤት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ሲረሳ ሌላው ያስታውሳል፣ አንዱ ሲሞት ሥራው አብሮት አይቀበርም።

አቶ ላይ ዛሬም የአዳራሹን ቁልፍ ይረሳሉ። ሊያመጡ ግን ወደ ቤት አይመለሱም፤ ከደጃፉ ተቀምጠው የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃሉ።