በጓንት ካርቶን ላይ የተጻፈ ሰዓት

ሰው ሲያወራ ጆሮዬን መከልከል አልችልም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን አመሌን ጠንቅቀው ያውቁታል። ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት የአሮጌዋን ቮልስ መኪናዬን የሦስተኛ ወገን መድን ላሳድስ ካዛንቺስ ወዳለ አንድ የመድን ወኪል ቢሮ ሄድኩ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አራተኛ ፎቅ የደረስኩት እያለከለክሁ ነው፤ ከሁለት ሴቶች አጠገብ ባገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አንደኛዋ ስድሳ ያለፋቸው፣ ነጠላ ያጣፉ ሴት ናቸው። ሌላዋ ሠላሳ የማይሞላት ወጣት ስትሆን ጉልበቷ ላይ ፌስታል ታቅፋለች።

«አርባ ዓመት ሳዋልድ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አጠገቤ አልደረሰም» አሉ ትልቋ።

«ያኔ የመንግሥት ሆስፒታል ነበሩ፣ ሲስተር። ማለቴ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ከኋላዎ መሥሪያ ቤት አለ። አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

ዝም ማለት አቃተኝ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ መሆኔን ተናግሬ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለማዋለድም መድን ይገባል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ወጣቷ ሳቀች። ስሟ ሐሴት ነው፤ ትልቋ ሲስተር ብርነሽ ይባላሉ። ሁለቱም አዋላጅ ነርሶች ናቸው፤ ቂርቆስ ውስጥ አንዲት ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ አብረው ከፍተዋል።

«ፈቃዳችን በወሩ መጨረሻ ያበቃል፣ ጋሼ» አለችኝ። «ለማሳደስ የሙያ ኢንሹራንስ አምጡ ተባልን። የመጀመሪያው ኩባንያ የሐኪም ፎርም እንጂ የአዋላጅ ፎርም የለንም አለን። ሁለተኛው ደግሞ መጀመሪያ የታደሰ ፈቃድ አምጡ አለ። ፈቃዱ ኢንሹራንስ ይጠይቃል፣ ኢንሹራንሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ይሄ ሦስተኛችን ነው፤ እዚህም ካልሆነ በቃ፣ ክሊኒኩ ይዘጋል።»

ነገሩ ገረመኝ። ቆማ የምትውለው ቮልሴ እንኳ ያለ መድን ካልተንቀሳቀሰች፣ ሕፃን ለሚቀበል እጅ ፎርም እንዴት ይጠፋል? ይህንኑ ብናገር ሲስተር ብርነሽ አልተዋጠላቸውም።

«መምህር፣ መኪናና ምጥ አንድ አይደሉም። መድን መግባት ክፉ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ መፈረም ነው። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ክፉ አይነሳም። እኔ ደብተሩን እንኳ የምከፍተው ሕፃኑ ካለቀሰ፣ እናቲቱም አጥሚት ከቀመሰች በኋላ ነው። ሥራ ያስተማሩኝ ሲስተር እንዲህ ነው ያስለመዱኝ።»

«ታዲያ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«ወንድ፣ ደኅና። ሴት፣ ደኅና። ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

እውነቱን ለመናገር ልማዱን ወደድኩት። ሴትዮዋ ሙያቸውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ለእናቲቱ ስለሚሳሱ ነው። ሐሴት ግን ረጋ ብላ መለሰች።

«ክፉን የሚጠራው ጽሑፍ አይደለም፣ ሲስተር። ክፉ ከመጣ በኋላ ግን ያለ ጽሑፍ ማን ያምነናል? ኢንሹራንሱም እኮ ለእናቶቹ ነው። አንዷ ብትጎዳብን ከኪሳችን አውጥተን ልናሳክማት እንችላለን?»

«እኔ እጄን አምናለሁ።»

«እኔም አምነዋለሁ። እነሱ ግን እጅዎን አያውቁትም።»

በዚህ መሐል ወኪሉ አቶ ሳላሀዲን ጠሯቸው። ቢሮው አንድ ክፍል ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል።

«ዋናው መሥሪያ ቤት የአዋላጆችን ጉዳይ ለማየት ፈቅዷል» አሉ። «የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። አምና ሪሐና የተባለች እናት ደም በዝቶባት ከእናንተ ወደ ሆስፒታል ሄዳለች፤ ፎርሙ ላይ ራሳችሁ ናችሁ የሞላችሁት። ደሙ ስንት ሰዓት ጀመረ? ስንት ሰዓት ላካችኋት?»

ሲስተር ብርነሽ ደብተሩን ገለጡ። «ሴት፣ ደኅና» ይላል።

«ወዲያው ነው የላክኋት። እሷም ልጇም ዛሬ ደኅና ናቸው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀነሰ።

«ወዲያው ማለት ስንት ደቂቃ ነው፣ እናቴ?»

ሲስተር ብርነሽ ደብተሩን እንደገና አገላበጡ። ያን ጊዜ ሐሴት ከፌስታሏ አንድ የተዘረጋ የጓንት ካርቶን አወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲስተር። ደብተሩን እንዳልነካብዎ ብዬ በዚህ ላይ ጽፌው ነበር።»

አቶ ሳላሀዲን ጮክ ብለው አነበቡ። ስምንት ከሃያ ተወለደች። ስምንት ከሠላሳ ሁለት ደም በዛ። ስምንት ከሠላሳ አራት መርፌ ተሰጠ። ስምንት ከሠላሳ ስድስት መኪና ተጠራ። ስምንት ከአርባ አንድ ወጡ።

«ዘጠኝ ደቂቃ?» አሉ ሲስተር ብርነሽ። «ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ? ባሏ አዘገያችኋት ብሎ ከጮኸብኝ ጀምሮ እኮ፣ እውነት አዘግይቻት ይሆን እያልኩ ዓመት ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የከረምኩት። ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ስለዚያ ቀን ሲነሳ ይከፋዎታል። ደግሞም የናቅሁዎ እንዳይመስልዎ ፈራሁ።»

ትልቋ ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አቶ ሳላሀዲን ካርቶኑን ኮፒ አድርገው፣ «ይህን እልካለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በደብተር ይሁን» አሉ። ውሉ በሳምንቱ እንደተፈረመ፣ ፈቃዱም እንደታደሰ በኋላ ሰምቻለሁ።

ያን ዕለት የእኔም ጉዳይ ወዲያው ስላለቀ በቮልሴ ልሸኛቸው ይዣቸው ወረድኩ። መንገድ ላይ ሲስተር ብርነሽ እንዲህ አሉ።

«ለካ ሳልጽፍ የቀረሁት ለእኔ የሚመሰክርልኝን ኖሯል። መድኑም እንዲሁ ነው። እናቲቱ ብትጎዳ የምትታከምበት አታጣም፤ እንደ ሐሴት ያለችውም ልጅ ብቻዬን ቀረሁ ብላ ሥራዋን አትሸሽም።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ፎርሙን ለሚያዘጋጁትም ደግሜ እላለሁ፤ ለመኪና የተገኘ ወረቀት ለአዋላጅ አይታጣ።

ክሊኒኩ ሳንደርስ የሲስተር ብርነሽ ስልክ ጮኸ። ክሊኒኩን የምትጠብቀው ነርስ ጀሚላ ነበረች፤ አንዲት እናት ምጥ ይዟት መጥታለች።

«ሐሴት፣ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«አምስት ከአሥር።»

ከፊታቸው የነበረውን የመድን ወረቀቴን ፖስታ አነሱ። «መምህር፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

ሰጠኋቸው። መኪናዋ እያንገጫገጨቻቸው «አምስት ከአሥር፣ ምጥ ይዟት መጣች» ብለው ጻፉ። ሕፃኑ ገና አላለቀሰም። በር ላይ ሳወርዳቸው ወረቀቱን አውጥተው ሰጡኝና ፖስታዬን ይዘው ገቡ፤ እኔም መልሱልኝ አላልኩም።