ጋሼ ሞላ ሁለት ሁለት ጊዜ ያስጻፉን ወረቀት

ጋሼ ሞላ፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ እንኳ ሳያቋርጡኝ ያዳምጡኝ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ መርሳ ባህልና ቱሪዝም ቢሯችን የመጡ ዕለት፣ ጥበቃችን ፋንቱ አላስገባም ብላዎት ነበር። አሮጌ የእንጨት በር ተሸክመዋላ!

«አሮጌ ዕቃ አንገዛም!» አለችዎት።

«እኔም አልሸጥም፤ የቅርስ ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ ነው» አሏት።

ወላሂ፣ ያኔ ወደ መጡበት ወደ ወልድያ ብትመልስዎት ኖሮ ስንት ዓመት በሰላም በኖርን! በሩን ሰው ለማገዶ ሊፈልጠው ሲል ለምነው አመጡት። ያቆሙት ግን ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው። ወገቤን የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ይባስ ብሎ ቤልጅየም ለሥልጠና ተጠሩ፤ ፍላንደርስ ውስጥ፣ ሊር የምትባል ትንሽ ከተማ። እርስዎ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ፤ እኛ ግን ይኸው አሥር ዓመታችን፣ ከሊር አልወጣንም። ስብሰባው ስለ ውኃ ቧንቧ ነው፤ እርስዎ እጅዎን ያወጣሉ፤ «ሊር ላይ እኮ…»

ያ የበጉ ታሪክማ! ድሮ መስፍናቸው «ዩኒቨርሲቲ ልስጣችሁ ወይስ የበግ ገበያ?» ቢላቸው፣ የሊር ሰዎች የበግ ገበያውን መረጡ ይባላል። እስከ ዛሬ «የበግ ራስ» ይሏቸዋል፤ እነሱም ይኮሩበታል። አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ግራና ከተማ አንድ ሽማግሌ፣ አባ አብዱልሐሊም፣ ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ምን አጠፉ? ዩኒቨርሲቲ አይታረድ!» አሉና ገላገሉኝ።

ከዚያ ደግሞ «ሊር ላይ የተራ ሴቶች ጠባብ ቤት ሳይቀር፣ ማን እንደኖረበት ተጽፎ ይቀመጣል» ብለው መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ግራናን በፀሐይ አዞሩኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት! ማን ሠራው፣ ማን ተዳረበት፣ ሰፈሩ ለምን እንዲህ ተባለ። ያውም ሁለት ሁለት ቅጂ፣ በእጅ፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለባለቤቱ።

«ጋሼ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?»

«የራሱ ነዋ!» አሉኝ።

ጣቴ አበጠ። ሁለት ጊዜ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከለከሉኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ተፈናቅለን ስንመለስ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ከመዝገቡ አንድ ገጽ አልተረፈም። እርስዎ የቢሮው በር ደፍ ላይ ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዓመት «ያ ረቢ፣ ዝም አሰኝልኝ» እያልሁ የኖርሁ ሰው፣ ያን ቀን ዝምታዎ አስፈራኝ።

በማግስቱ «ዓሪፍ፣ ተነሥ» አሉኝ። እንደገና በእግር!

ግራና ሁሪያ የምትባል እናት ቤት ገባን። ባሏ በዚያው ዓመት ሞቶባታል። ከሣጥኗ በሻሽ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች፤ ይዛው ተሰድዳ፣ ይዛው ተመልሳለች።

«አንቱ አደራ ብለው የለ? አደራ ይበላል እንዴ?» አለችዎት። ወደ እኔ ዞረችና «እስቲ አንብብልኝ» አለች።

አነበብሁላት። ባሏ ያስጻፈኝ እንዲህ ነበር፦ «ይህን ቤት የሠራሁት ሁሪያን ባገባሁ ዓመት ነው። ጠበበኝ ብላ ሳምንት አኩርፋኛለች።»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። «ድገምልኝ» አለች። ሦስት ጊዜ አነበብሁላት።

መቶ ሰባ ስምንቱን ከየቤቱ አገኘን። እንደገና ገለበጥናቸው፤ አሁንም ሁለት ሁለት ቅጂ!

ጋሼ፣ ከሁሪያ ቤት ስንወጣ ላመሰግንዎት ነበር፤ እግሬን አሞኝ ተናድጄ ስለነበር ተውሁት። ዛሬ ልበልዎት፤ አመሰግናለሁ። እኔ ቅርስ ሲሉኝ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ሰው መሆኑን አሳዩኝ። ያደከሙኝ ድካም ሁሉ ሐላል ይሁንልዎት።

በሉ ተነሡልኝ! ጠላ የያዘ ጠላውን፣ እኔም ለስላሳዬን ላንሣ። ጋሼ ሞላ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ የልጅ ልጅ ሠርግ ያሳይዎት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች፣ ለእርስዎ ደግሞ አላህ ትዕግሥቱን ያብዛልዎት። ከሰኞ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው!

ለጋሼ ሞላ!