እትዬ ዝምታ እና የመጨረሻው ትምህርት

ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ሁሉ፣ ጥቂት ጊዜ ስጡንና ዛሬ የምንሸኛቸውን እናታችንን በሕይወት ሳሉ እንደምናውቃቸው አድርገን እናስታውሳቸው። መታወቂያቸው ላይ የሰፈረውን ስም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚጠራቸው እትዬ ዝምታ እያለ ነው፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት ኖረዋል።

እትዬ ዝምታ የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ሲሆን፣ አባታቸው የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ፣ እናታቸው ደግሞ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በመሆናቸው ታናናሾቻቸውን አዝለው ቢያድጉም በትምህርታቸው የሚስተካከላቸው አልነበረም። አባታቸው ከሥራ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ አብረዋቸው ይቀመጡና ኮከብ ያስቆጥሯቸው ነበር፤ እሳቸውም ቆጥረው ቆጥረው ሲምታታባቸው እንደገና ከአንድ ሲጀምሩ፣ አባት ድካማቸው ይመጣና "እንግዲህ ሲያልቅ ንገሪኝ" ብለዋቸው ወደ ቤት ይገቡ እንደነበር ዘወትር እየሳቁ ያወሩልን ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊያጠናቅቁ የመጨረሻው ዓመት ላይ እንደደረሱ እናታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ደብተራቸውን አስቀምጠው ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ማሳደግ የእሳቸው ሸክም ሆነ። ታናናሾቻቸው በየተራ ሲመረቁ ፎቶግራፋቸውን በመስታወት እያስገቡ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ የራሳቸው ፎቶግራፍ ግን እዚያ አልነበረም። ይህን አንስተው የሚያማርሩ ሰው አልነበሩም፤ ሆኖም ከቅርብ ሰው ጋር ሲጨዋወቱ "እኔ እኮ የጀመርኩትን ጨርሼ አላውቅም" ማለታቸው አልቀረም፤ ሲሉትም ፈገግ ብለው ስለነበር ምን ያህል እንደሚከነክናቸው ብዙዎቻችን ሳናውቅ ቆይተናል።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው አገለገሉ። ዛሬ እዚህ ከቆምነው ብዙዎቻችን ያቺን የንባብ ክፍል እናውቃታለን፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎቿን፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል የሚገባውን ፀሐይ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሁላችንም የምንሻማበትን ወንበር እናስታውሳለን። ወንበር ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ስላስመረራቸው አሮጌ የብስክሌት ጎማ ቆርጠው ለወንበሮቹ እግር በሙሉ ጫማ አበጅተውላቸው ነበር። የሚያወራ ተማሪ ሲያዩ አይቆጡም፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እስኪያፍር ድረስ ያዩታል። በዚያ ክፍል ማስነጠስ የመጣበት ሰው ውጭ ወጥቶ አስነጥሶ ይመለሳል እየተባለ ይቀለድ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ አባታችን ከዝናብ ሊጠለሉ ገብተው፣ በአውቶቡስ ጩኸት መሐል መናገር የለመደ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ "መጽሐፍ አላችሁ?" ብለው ቢጠይቁ፣ እትዬ ዝምታ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኟቸው፤ አባታችንም በማግሥቱ ዝናብ በሌለበት ዝም ሊባሉ ተመልሰው መጡ። ተጋብተውም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መዋል ከበዳቸው። ያን ጊዜ ነው ወንድ ልጃቸው፣ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን እየቀረጹ ማንም እንዲማርበት በነፃ ኢንተርኔት ላይ እንደሚያስቀምጡ የነገራቸው። ኬሚስትሪ ቢሉ፣ ታሪክ ቢሉ፣ ሂሳብ ቢሉ፣ ስለ ሰው ደም ዝውውርም ሆነ ስለ ከዋክብት ቢሉ የማይገኝ ነገር የለም፤ የክፍል ውጤት የሚጠይቅ፣ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ባለቤታቸው "ኋላ ሂሳቡን ይዘው በር እንዳያንኳኩብን" ብለው ቢያስቁም፣ እትዬ ዝምታ ግን አልሳቁም፤ በር እንደተከፈተለት ሰው ቀጥ ብለው ገቡ።

የቤታቸው ኢንተርኔት ደካማ ስለነበር ልጃቸው ትምህርቶቹን መሥሪያ ቤቱ ሆኖ እያወረደ በፍላሽ ያመጣላቸዋል፤ ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ያቋረጠችው የልጅ ልጃቸው ሪሞቱን ይዛ ከእግራቸው ሥር ትቀመጣለች። ትምህርቱ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ ጥቂት ያዳምጡና "ያዢው" ይሏታል፤ እሷም ታቆመዋለች፤ እሳቸው መዝገበ ቃላታቸውን ገልጠው የተባለውን በራሳችን ቋንቋ ያስረዳሉ፤ ከዚያ "ልቀቂው" ይላሉ። እንዲህ እየተባለ የአንድ ሰዓቱ ትምህርት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈጃል። መጀመሪያ የጎረቤት ልጅ መጣ፣ ቀጥሎ ጓደኞቹ መጡ፣ በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኑ መቀመጫ እስኪታጣ ድረስ ይሞላ ጀመር። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ሰው ዝም ሲያሰኙ የኖሩት እናት ከሰፈሩ ሁሉ ጫጫታ የሚበዛበት ቤት ባለቤት ሆኑ። ለአስተማሪዎቹም ስም አወጡላቸው፤ የኬሚስትሪውን "እሳት ለኳሹ"፣ በየመሐሉ የምታስለዋን የታሪክ አስተማሪ "ባለ ሳሏ"፣ ፀሐይን በብርቱካን እያስመሰለ የሚያስተምረውን የሥነ ፈለክ አስተማሪ ደግሞ "ባለ ብርቱካኑ" ይሏቸው ነበር።

ከሁሉም የወደዱት ባለ ብርቱካኑን ነው፤ ያስቸገራቸውም እሱ ነው። የመጀመሪያው ትምህርቱ እንደ ውኃ ቢወርድላቸውም ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ አንድም ነገር አልገባቸው አለ። አስተማሪው ፈጽሞ ያላዩትን ነገር "ባለፈው እንዳየነው" እያለ ያልፈዋል። ልጆቹ ግራ ሲገባቸው እትዬ ዝምታ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወስደው "ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ያስደነግጣል" ብለው አበረታቷቸው። እውነትም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትምህርቱ እየቀለለ፣ እየቀለለ መጣ፤ እሳቸውም መታገሣቸው እንደጠቀመ ለሁሉም ይናገሩ ነበር። ይህን አንድ ትምህርት ከዳር አደርሰዋለሁ ብለውም ቆረጡ።

ከባለ ብርቱካኑ ትምህርት አንዲት ብቻ ስትቀር ልባቸው ታመመ። የቴሌቪዥኑ ዝርዝር ላይ ከእሷ በታች ሌላ ስላልነበረ የመጨረሻዋ መሆኗን ያውቁ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝተውም ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚጠይቁት ስለ እሷ ነበር። ስለዚህ የልጅ ልጃቸው ፍላሹንና የአባቷን ላፕቶፕ ይዛ ሄደች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠውም "ያዢው"፣ "ልቀቂው" እየተባባሉ ከመጨረሻው ደረሱ። ባለ ብርቱካኑ ግን አልተሰናበተም፤ "በሚቀጥለው እንገናኝ" ብሎ ሄደ። ላፕቶፑ ላይም ከዚያች በታች ሌሎች ሦስት ትምህርቶች ተደርድረው ታዩ። እትዬ ዝምታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "አላልኩሽም፣ እኔ የጀመርኩትን አልጨርስም" አሉ።

ልጅቱ የሚቀጥለውን ከፈተች። ባለ ብርቱካኑ ብቅ ብሎ ገና መናገር ሲጀምር ብርቱካኑ ከእጁ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ያን ጊዜ እትዬ ዝምታ ዞረው "ይህንንማ አይተነዋል፤ ልጆቹ የሳቁ ቀን" አሉ። እንዳሉትም ነበር። ቴሌቪዥኑ በቁጥር የተሰየሙትን ትምህርቶች ያሰለፈው በቁጥሩ መጠን ሳይሆን በመጀመሪያው አኃዝ ስለነበር፣ ከአንድ ቀጥሎ ሁለትን ትቶ አሥርን፣ አሥራ አንድንና አሥራ ሁለትን አስቀድሞ ኖሯል፤ ያ ሁሉ ሰው የመጨረሻውን ትምህርት ገና ከመጀመሪያው፣ አንድም ነገር ሳይገባው ተምሮት ነበር። ስለዚህ የቀራቸው ነገር አልነበረም፤ ጨርሰዋል። ይህን ሲረዱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከሳቃቸው ብዛት የተነሣ ነርሷ በሩን ከፍታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው።

በማግሥቱ የመጨረሻውን ትምህርት ደግመው አዳመጡት፤ አንዴም "ያዢው" አላሉም፤ ሁሉም ገብቷቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሳሉ አረፉ።

እትዬ ዝምታ ከእንግዲህ ቤቱ ጸጥ የሚልባቸውን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ያሳደጓቸውን ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ከዚያ ሳሎን ወጥተው በየሙያው የተሰማሩ ብዙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ እንደወትሮው ይከፈታል፤ ሪሞቱን የምትይዘውም ያችው ልጅ ናት፤ የፈለገ ሁሉ ይምጣ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፣ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አባታቸው ደጃፉ ላይ "ሲያልቅ ንገሪኝ" ብለዋቸው ነበርና፣ አሁን ሄደው ይንገሯቸው።