ሰባት ፍሬ ብረት

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፤ የድሮ የእጅ ሰዓት የብረት ማሰሪያ የሚሰበስቡትና የሚጠግኑት ጋሽ ወሰኔ ከባንኮኒያቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ጌታነህ ሽብሩ ፊት ለፊታቸው ቆሟል።)

ጌታነህ፦ የአባቴ ነው እኮ የምልዎት! ስንት ጊዜ ልናገር?

ጋሽ ወሰኔ፦ ሦስቴ ተናገርክ። ሦስቴም ሰማሁ።

ጌታነህ፦ ታዲያ ያምጡታ!

ጋሽ ወሰኔ፦ አላመጣም።

ጌታነህ፦ ሰዓቱ ይኸው እጄ ላይ ነው። የሽብሩ ሰዓት መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ማሰሪያው ደግሞ እዚያ መሳቢያዎ ውስጥ አለ። የቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ምኑ ከበደዎት?

ጋሽ ወሰኔ፦ ሰዓቱን አየሁት። በቆዳ አስረኸዋል። ቆዳው ላብ ላብ ይላል።

ጌታነህ፦ ለዚሁ አይደል የመጣሁት! እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። የባቡር ሥራ ጓደኞቹ በሙሉ ይመጣሉ። ያን ሰዓት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁ ላይ ያዩት ሰዎች ናቸው። በቆዳ አስሬ መሀላቸው ብቀመጥ «ብረቱስ የታለ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ወሰኔ፦ ያለበትን ንገራቸው።

ጌታነህ፦ እህቴ ወስዳ ሰዓት ሠሪ ጋ ደበቀችው ልበል?

ጋሽ ወሰኔ፦ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። የሰዓት ሆድ ከፍቼ አላውቅም። ማሰሪያ ነው ሥራዬ። የምትጠራውን ነገር አስተካክለህ ጥራ።

ጌታነህ፦ እሺ፣ ማሰሪያ ሠሪ! አሁን ደስ አለዎት? በለቅሶው ጊዜ ሰዓቱን «አንተ ታላቅ ነህ፣ ውሰድ» ብላ እህቴ እታፈራሁ ራሷ ሰጠችኝ። ስቀበላት ማሰሪያው የለም፤ ነቅላ አስቀርታዋለች። «ይሄ እኔ ጋ ይቆያል» አለች፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። እዚህ ማምጣቷንም የነገረችኝ ልጇ ናት።

ጋሽ ወሰኔ፦ አመጣች። ከእሷ እጅ ተቀበልኩ። የምመልሰው ለዚያው እጅ ነው። አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ደረሰኝ ጽፌ አላውቅም። ደረሰኜ የሰጠኝ እጅ ነው።

ጌታነህ፦ ቀበሌ እሄዳለሁ።

ጋሽ ወሰኔ፦ ሂድ። ግን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። በዚህ ሙቀት ቀበሌውም ይዘጋል፣ እኔም ዘግቼ ጋደም እላለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችሁም ኑ።

ጌታነህ፦ እያሾፉብኝ ነው?

ጋሽ ወሰኔ፦ «እርስዎ» እያለ የሚጮህብኝን ሰው ምን ላድርገው? ድሬ ተወልደህ፣ እዚች በር ላይ ብይ ስትጫወት «አንተ ወሰኔ፣ ውሃ አጠጣኝ» ስትለኝ ያደግክ ልጅ ነህ። አሁን ከየት የመጣ «እርስዎ» ነው?

ጌታነህ፦ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖርኩ። ሥርዓት ተማርኩ።

ጋሽ ወሰኔ፦ እሱን እያየሁት ነው።

ጌታነህ፦ ይስሙኝ እስቲ። ይህን ያህል የሚያከብዱት ነገር ምንድን ነው? ብረት ነው! ሰው ጥሎት የሄደ ብረት ሲለቅሙ ነው ዕድሜዎን የጨረሱት። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ሁሉ ቁርጥራጭ አይደለም እንዴ?

ጋሽ ወሰኔ፦ ነው። እናንተ የጣላችሁት ነው። ቆዳ መጣ፣ ከዚያ ጎማ መጣ፣ ብረቱን እያወለቃችሁ ወረወራችሁ። እኔ ከሐረርም ከጅቡቲም ለቀምኩ። ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣውን ማሰሪያ እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ለይቼ አስቀመጥኩ። ያባትህ ማሰሪያ ከተሰካኩት ብረቶች ሁለት ፍሬው ተሰንጥቆ ሲመጣ ከዚያው ፋብሪካ፣ ከዚያው ዘመን ሁለት ፍሬ አውጥቼ የተካሁት ከዚያ ከናቅከው ቆርቆሮ ነው።

ጌታነህ፦ ተሰንጥቆ? እኔ ሳስወለውለው ምንም አልነበረበትም።

ጋሽ ወሰኔ፦ አሃ። አንተ ነህ ያስወለወልከው?

ጌታነህ፦ አዎ እኔ ነኝ! ምነው? የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ስመጣ አባዬ አልጋ ላይ ነው፣ ማሰሪያው ደግሞ ጥቁር ብሏል፣ ተጫጭሯል። ደስ ይበለው ብዬ አዲስ አበባ ይዤው ሄጄ በማሽን አስወለወልኩት። እንደ መስታወት ሆነ። ፊት ይታይበት ነበር።

ጋሽ ወሰኔ፦ የማን ፊት?

ጌታነህ፦ እንዴት የማን ፊት?

ጋሽ ወሰኔ፦ ቀጥል። ከዚያስ?

ጌታነህ፦ ከዚያማ… ምን ያደርግልዎታል?

ጋሽ ወሰኔ፦ ቀጥል አልኩህ። ሱቄ ውስጥ ነህ።

ጌታነህ፦ አመጣሁና እጁ ላይ አሰርኩለት። ዐይኑ ደክሟል፣ አፉም ከተያዘ ቆይቷል። በጣቱ ዳበሰው፣ ዳበሰው። ከዚያ ነቅሎ ወረወረው። ደረቴን መታኝ። እህቴ ቆማ ታያለች። አባቴ በገዛ ሰዓቱ ደረቴን መታኝ! ይኸው ነው። በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያ የመጣሁት ለቀብሩ ነው። አሁን ገባህ? አንተ ሽማግሌ፣ አሁን ገባህ ለምን እንደምፈልገው?

ጋሽ ወሰኔ፦ እንኳን ደህና መጣህ። አሁን ድሬ ገባህ።

ጌታነህ፦ አባቱ የረገመው ልጅ መስዬ አልቀመጥም! እሑድ ያን ብረት አስሬ ነው የምቀመጠው። ወደደም ጠላም ልጁ ነኝ!

ጋሽ ወሰኔ፦ ማን ረገመህ አለ?

ጌታነህ፦ ደረቴን መታኝ እያልኩህ!

ጋሽ ወሰኔ፦ የመታህ አንተን ብሎ አይደለም። ይቺን ወንበር ሳብና ቁጭ በል።

ጌታነህ፦ አልቀመጥም።

ጋሽ ወሰኔ፦ ቁም እንግዲያው። አባትህ ባቡር ሲነዳ እጁ ከፍሬኑ ብረት ጋር ተጋጭቶ ማሰሪያው መቆለፊያው ጎን ላይ ጭረት ነበረው። እህል የምታክል ጭረት። ሲያወራ፣ ሲያስብ፣ ሲጠብቅ አውራ ጣቱ እዚያች ላይ ነበር የምታርፈው። ዐይኑ ከደከመ በኋላማ ሰዓቱን የሚያውቀው በእሷ ነው። አንተ በማሽን አጠብካት። ሰውዬው ዳበሰ፣ አጣት። የሰው ዕቃ አሰሩብኝ ብሎ ወረወረው። አንተ ደረትህን ፊቱ ደቅነህ ነበር፣ አገኘህ።

ጌታነህ፦ ይሄን ማን ነገረህ?

ጋሽ ወሰኔ፦ እታፈራሁ በማግስቱ ይዛልኝ መጣች። አንተ አውቶቡስ ላይ ነበርክ። የማሽኑ ግፊት ነው ሁለቱን ፍሬ የሰነጠቀው። እነሱን ተካሁ። መስታወትነቱንም በብርጭቆ ወረቀት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳብኩ፣ ሦስት ሳምንት ፈጅቼ አጠፋሁት። ፋብሪካው እንዳወጣው ደብዘዝ አለ።

ጌታነህ፦ ጭረቷንስ?

ጋሽ ወሰኔ፦ ጭረት አልሠራም።

ጌታነህ፦ በሞረድ አንድ ጊዜ ብትስበው እኮ…

ጋሽ ወሰኔ፦ እህትህም እንዲህ አለችኝ። ለምናኝም ነበር። አልሠራም አልኳት። የሰው እጅ ያላወጣውን ጭረት ማውጣት ውሸት ነው። ሽማግሌ አላታልልም፣ የታመመ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ።

ጌታነህ፦ ጨካኝ ነህ።

ጋሽ ወሰኔ፦ ነኝ። እሱ ግን ከእኔ ይብሳል። ማሰሪያውን መልሳ ብታስርለት ምን ያደረገ ይመስልሃል? መቆለፊያውን ከአልጋው ብረት ጋር ያፋትግ ጀመር። ቀን ቀን፣ እንዲያ ተኝቶ፣ በዚያች በምትንቀሳቀስ አንድ እጁ። እህትህ ብትይዘው እምቢ። እኔ ልጠይቀው ሄጄ ተው ብለው እምቢ። ከወር በላይ ፈተገ። የራሱን ጭረት ራሱ አወጣ።

ጌታነህ፦ አባዬ?

ጋሽ ወሰኔ፦ ሌላ ማን? ይኸው። እጅህን ጥረግና ንካው። መንካት ነው ያልኩህ፤ አትወስደውም። አውራ ጣትህን ጎኑ ላይ አሳርፍ። ትንሽ ወደ ታች። እዚያ ላይ።

ጌታነህ፦ …አለች።

ጋሽ ወሰኔ፦ አለች።

ጌታነህ፦ ግን ይሄ ምን ሆነ? ምነው እንዲህ አጠረ? የሕፃን እጅ እንኳን አያስገባም! ማን ቆረጠው?

ጋሽ ወሰኔ፦ አልተቆረጠም። ያቺን የከረሜላ ቆርቆሮ አቀብለኝ። ክፈታት። ቁጠር።

ጌታነህ፦ አንድ፣ ሁለት… ሰባት ፍሬ። እያንዳንዷ በወረቀት ተጠቅልላለች። ቀን ተጽፎባታል። የማን ጽሕፈት ነው?

ጋሽ ወሰኔ፦ የእኔ። አባትህ ከወደቀ ጀምሮ እጁ ከሳ። ሰዓቱ እየተንሸራተተ ክርኑ ድረስ ይወጣበታል። ቢያወልቁበት ያለቅሳል። በዚህ ምክንያት በከሳ ቁጥር እታፈራሁ ትመጣለች፣ «ጋሽ ወሰኔ፣ አንድ ፍሬ ቀንስልኝ» ትላለች። የመጨረሻዋን ያወጣሁ ቀን እኔም እንዳንተ ጠየቅኳት፣ «ይሄ የየትኛው ሕፃን እጅ ነው?» ብዬ።

ጌታነህ፦ ሰባት ጊዜ መጣች?

ጋሽ ወሰኔ፦ በእግሯ። ከቤቷ፣ ከገንደቆሬ።

ጌታነህ፦ መድኃኒቱን እኔ ነበርኩ የምልከው። አንድም ወር አላቋረጥኩም።

ጋሽ ወሰኔ፦ አውቃለሁ። እሷም ትላለች። ውለታህን ማንም አልካደም።

ጌታነህ፦ ትላለች?

ጋሽ ወሰኔ፦ ግራ እጅህን ወዲህ በል።

ጌታነህ፦ ለምን?

ጋሽ ወሰኔ፦ በል አልኩህ። ያንን የሸተተ ቆዳ ፍታና እጅህን ዘርጋ። በክር ልለካህ ነው።

ጌታነህ፦ አልሰጥም አላልክም እንዴ?

ጋሽ ወሰኔ፦ አልሰጥም። እታፈራሁ ከስድስት ሳምንት በፊት ይዛው ስትመጣ «በወንድሜ እጅ ልክ አድርገው፣ ለሙት ዓመቱ ይሰረው» አለችኝ። ልኩን አላውቅም ብላት፣ «ይመጣልሃል። ተቆጥቶ ነው የሚመጣው። እስኪበቃው ይጩህብህና ሲጨርስ ለካው» አለች። እጅህን ቀጥ አድርገህ ያዝ።

ጌታነህ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ! ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?

ጋሽ ወሰኔ፦ «ማሰሪያዬን አምጣ» ብለህ ገባህ። «እህቴ እንዴት ናት?» ብለህ ብትገባ ኖሮ ደጃፉን ሳታልፍ እነግርህ ነበር።

ጌታነህ፦ እሺ፣ ለእኔ ከሆነ አሁን ሠርተህ ስጠኝ።

ጋሽ ወሰኔ፦ እንደገና ጀመርክ? ነገ ጠዋት መጥታ ትወስደዋለች። አንተ ከእጇ ትቀበላለህ።

ጌታነህ፦ በሯን ብትዘጋብኝስ?

ጋሽ ወሰኔ፦ እኔስ መች ከፈትኩልህ? ግማሽ ሰዓት ቆመህ ጮህክ፣ አልሄድክም። እዚያም ቁም።

ጌታነህ፦ አሁን ቤት ትኖራለች?

ጋሽ ወሰኔ፦ በዚህ ፀሐይ የት ትሄዳለች? ይኸው፣ ተለካህ። አምስት ፍሬ እመልስበታለሁ፣ ልክክ ይልልሃል። ሁለቱ ይተርፋሉ።

ጌታነህ፦ ለአባዬ ሰባቱም ነበሩ?

ጋሽ ወሰኔ፦ ሰባቱም። ለሱም ይሰፋው ነበር። ወጣት ሳለን ላጥብብልህ ስለው «ተወው፣ ይንኳኳ» ይለኝ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሲመጣ ድምፁን ሰምተው፣ ሳያዩት ነበር «ሽብሩ መጣ» የሚሉት። ለሥራው ግን ጥሩ አይደለም፣ የሚንኳኳ ማሰሪያ ቶሎ ይበላል። አምስት ነው ልክህ።

ጌታነህ፦ ሰባቱንም መልስ።

ጋሽ ወሰኔ፦ ይሰፋሃል አልኩህ እኮ። በተራመድክ ቁጥር ይንኳኳል።

ጌታነህ፦ ይንኳኳ! እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳያዩኝ «ሽብሩ መጣ» ይበሉ። አሁን ሱቅህን ዝጋ፤ እኔ እታፈራሁ በር ላይ ልቆም ነው።