ጋሼ ችግኝ ሳይመረቁ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ የተከበራችሁ መምህሮቻችን፤ ከደን ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ አንቺም ልጃቸው፣ እህቴ፦ መጽናናቱን ይስጣችሁ።

እኔ የጋሼ የክፍል ጓደኛ ነኝ። አዎ፣ የክፍል ጓደኛ። በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንቀመጠው። የደን ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ አብረን ነበር የምንማረው። ተናገሪ ስትሉኝ እሺ አልኩ። አሁን ግን ምን እንደምል አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። እየተንጫጫን ሳለ በሩ ተከፈተ። ሽበታም ሰው፣ የተወለወለ ጫማ፣ ብብታቸው ሥር ቦርሳ። እኛ ምን አደረግን? መምህር መጣ ብለን ብድግ! ዝም፣ ጭጭ። እሳቸው ደግሞ ማን መጥቶ ነው ብለው ዞር አሉ። ከኋላቸው ማንም የለም። ያኔ ገባቸው። «ኧረ ተቀመጡ ልጆቼ፣ እኔም እንደናንተው ነኝ» አሉና ከጎኔ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ጋሼ ችግኝ የሚለውን ስም ያወጡት ራሳቸው ናቸው። «ዘግይቼ የተተከልኩ ችግኝ ነኝ፤ ውሃ አታሳጡኝ» ይሉን ነበር።

አንቺ እህቴ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራሽ ስትገቢ «አባዬ፣ የቤት ሥራህን ጨርሰሃል?» እያልሽ ታፋጥጫቸው እንደነበር እናውቃለን። ሁሉን ይነግሩን ነበር። «የወለድኳት ልጅ ተቆጣጣሪ ሆነችብኝ» እያሉ ይኩራሩ ነበር። እትዬ፣ የእርስዎንም ነግረውናል። ስታቲስቲክስ አልገባ ብሏቸው ሲነጫነጩ «ተወው በቃ፤ አንተ ዛፍ እንጂ ቁጥር አትተክልም» ብለዋቸዋል። እኛ ክፍል ይህች አባባል ተረት ሆና ቀርታለች።

ደግሞ የመሰርሰሪያውን ልንገራችሁ። ዕድሜውን ለማወቅ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥም። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ብረት ግንዱን ይሰረስርና እርሳስ የሚያህል እንጨት ይዞ ይወጣል፤ በእንጨቱ ላይ የሚታየው የዓመት ቀለበት ይቆጠራል። ሕጉ አንድ ነው፦ ብረቱን ቶሎ አውጣ። ከቆየ ዛፉ ጨምድዶ ይይዘዋል። ጋሼ ምን አደረጉ? ብረቱን ግንዱ ውስጥ ትተው ወደ እኛ ዞሩ። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ «ልጆች፣ ብረቱን ለምን ቶሎ እንደምናወጣ ታውቃላችሁ?» አሉ። ማብራራት ጀመሩ። አብራሩ፣ አብራሩ። ሲመለሱ ዛፉ አልለቅም አለ። ጎተትን። ተረባርበን ጎተትን። ያ ረጅሙ ልጅ፣ ያውና እዚያ አንገቱን ደፍቶ የቆመው፣ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ተዘረጋ። ብረቱም ቀጭ አለ። ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ይኸው፣ ትምህርቱ በተግባር ተደግፏል» አሉ።

ሳቃችሁ። ደስ ይለኛል። እኔም ስጀምረው እስቃለሁ፤ ስጨርሰው ነው የሚያቅተኝ።

ግን ሰው ጡረታው ደርሶ ለምን ይማራል? እናንተ ባልደረቦቻቸው ታውቃላችሁ። ከምንጩ በላይ ያለውን ደን በወጣትነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ተክለውታል። ደኑ አርጅቷል፤ መቆረጡ አይቀርም። ባንድ ጊዜ ይመንጠር ወይስ በየተራ እየተመረጠ ይሳሳ? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ምንጩ እንዳይደርቅ ፈርተው በየተራ ይሁን ባይ ነበሩ። የሚወስነው ግን የጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ገብቶ የሚናገረው ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ብቻ ነው። ደንቡ ነው። ምን ይደረጋል?

አንድ ቀን ለተግባር ልምምድ ጽሕፈት ቤታቸው ሄጄ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የተጠቀለለ ካርታ ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። የኮሚቴው መሰብሰቢያ በር ተዘግቷል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደሚባል ግን አይለይም።

«ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ?» አልኳቸው።

«ምናልባት ካርታ ቢያስፈልጋቸው ብዬ።»

«ካላስፈለጋቸውስ?»

«ታዲያ ቁጭ ማለት ማንን ገደለ?» ብለው ሳቅ አሉ። ካርታውን እያስተካከሉ፣ «ክፉ ሰዎች እኮ አይደሉም። ግን በተዘጋ በር እንዴት ይወራል?» አሉኝ።

ያን ቀን ካርታው አላስፈለገም።

ጋሼ የተማሩት በዚያ በር ለመግባት ነው። ለሌላ አይደለም። ለዕድገት አይደለም፤ ለፎቶም አይደለም። የእኛ ትምህርት መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ እውነተኛ ደን ዕቅድ አውጥቶ፣ መምህራን ፊት ቆሞ ያስረዳል፤ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። ጋሼ ያንኑ ደን ያዙ። ሌላማ ምን ሊይዙ? አማካሪያቸው እዚህ አሉ። «ዛፎቹ አርጅተዋል ጋሼ። ሲሳሱ የቀሩትን ነፋስ ቢጥላቸውስ?» ብለዋቸው ነበር። ጋሼም «ሊጥል ይችላል። እሱን ነው ተቀምጠን መነጋገር ያለብን» አሉ። ትክክል ነበሩ? አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ግን ሳይደመጡ መቅረት ነበረባቸው?

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደኑ ሊሄዱ ነበር። እትዬ እንደነገሩን፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። አንዱን አስረዋል። ሌላውን ሊያስሩ ጎንበስ አሉ፤ ቀና አላሉም። ልባቸው ነው። ሐኪሙ «አጠገባቸው ብሆን ኖሮ እንኳ ላድናቸው አልችልም ነበር» አለ። ሊያጽናናን ነው የተናገረው። ግን ይህ ምን ዓይነት መጽናኛ ነው?

እኛ የክፍል ጓደኞቻቸው ተሰብስበን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። «ዕቅዱ አልቋል፤ ከመካከላችን አንዱ ቆሞ ያቅርብላቸው» አልን። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጥሩ ሴት ናቸው። አለቀሱ። «የዕቅዱ ባለቤት ራሱ ካልተጠየቀ አይሆንም» አሉ። ወደ ኮሚቴው ሄድን። ወንበር ስበው አስቀመጡን፤ አዳመጡን። «እናንተም ገና ተማሪዎች ናችሁ፤ ደግሞም የውሳኔው ቀን ደርሷል» አሉን። ማንን እንቆጣ? ክፉ ሰው ባገኝ በወደድኩ። የሚጮህበት ሰው ቢገኝ ይቀል ነበር። ሁሉም አዘነልን፤ ሁሉም ምን ይደረጋል አለን። እኔም ይኸው እዚህ ቆሜ ምን ይደረጋል እላለሁ።

አንድ አባት አሁን ቅድም ጠጋ ብለው «የተከሏቸው ዛፎች ይናገሩላቸዋል በይ» አሉኝ። በክፉ አይዩብኝ አባቴ፣ አልልም። ዛፍ አይናገርም። ጋሼም ይህን ስለሚያውቁ ነው በስተርጅና ደብተር የያዙት።

ጋሼ፣ ዕቅድዎን የሚያቀርቡበት ተራ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ነው። ክፍሉ በስምዎ ተይዟል። ማንም የሰረዘው የለም፤ ማን ደፍሮ ይሰርዘዋል? እኛ እንገባለን። እትዬም እመጣለሁ ብለዋል። ምን እንደምናደርግ አልተነጋገርንም፤ ማድረግ የምንችለውም የለም። ቁጭ እንላለን። ተማሪ አቅርቦ ሲጨርስ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ይላል። እርስዎ ያቺን ሰዓት ነበር የሚፈሩት። «ባይጠይቁኝስ?» ይሉ ነበር እንጂ፣ እንደኛ «ቢጠይቁኝስ?» ብለው አልፈሩም።

ጥያቄ አለን፣ ጋሼ። ሁላችንም ጥያቄ አለን።

በሰላም ይረፉ።