ለክቶ መሄድና ለክቶ መንገር

እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ። ሰፈራችን የተማረ ሰውን በመጠርጠር ካልሆነ በቀር በምንም ተስማምቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤቴ እንደ ልማዳቸው ለሚስታቸው የሳል ሽሮፕ ሊገዙ ገቡ። «ጋሽ አይሆንም» እንላቸዋለን፤ ደህና አደሩ ሲሏቸው እንኳ አይሆንም የሚሉ ይመስላሉ። ከኋላቸው አንዲት ወጣት መምህርት ሜትር ይዛ ተከተለቻቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ከቴክኒክ ኮሌጅ ነው የመጣሁት፤ የጭስ ማውጫዎን ባይ ብዬ ነበር።»

«አይሆንም!»

«ምነው ጋሼ?»

«አምና ከዩኒቨርሲቲ አንድ ዶክተር መጣ። ግድግዳዬ ላይ ሣጥን ሰቅሎ ጭሱን ለካ፣ ሚስቴን በጥያቄ አደረቃት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹ልጄ፣ ይህ ሳል ከምን መጣብኝ?› ‹እንነግርዎታለን› ብሎ ሄደ፤ ይኸው ቀረ! በእሷ ሳል ማዕረግ ጨምሮበት ይሆናል። አንቺስ በምናችን ልትሾሚ ነው?»

እውነት ለመናገር እኔም በልቤ «ደግ አሉ!» አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

መምህርቷ ግን አልተቆጣችም። «አይፈረድብዎትም። እኔም የመጣሁት የዶክተሩን ጥናት አንብቤ ነው።»

«አልቋል እንዴ?»

«ካለቀ ቆየ። የጭስ ማውጫዎ ከጎረቤት ፎቅ ስለሚያጥር ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል ይላል። የባለቤትዎን ሳል ያመጣውም እሱ ነው።»

ጋሽ አይሆንም ጠርሙሱን ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡ። «ታውቆ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብላ ስትስል የምታድረው?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

«እነሱ በዩኒቨርሲቲ ይመረምራሉ፣ እኛ በኮሌጅ እንሠራለን፤ ግን ተነጋግረን አናውቅም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እንግዲያው እሱ ራሱ መጥቶ ለሚስቴ ይንገራት። ያኔ ሜትርሽን ትዘረጊያለሽ።»

ደወለችለት። አይመጣም ብዬ ነበር፤ በሳምንቱ ከእሷ ጋር መጣና አሳፈረኝ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ለሴትዮዋ ሁሉን አስረዳቸው። «ለመጽሔት ጻፍኩት፤ ለእርስዎ መንገር ግን ሥራዬ አልመሰለኝም። ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አለ።

«ሳሉንስ ለምጄዋለሁ ልጄ» አሉት። «ያስከፋኝ እያወቅህ ዝም ማለትህ ነው።»

ጋሽ አይሆንም ወደ መምህርቷ ዞረው «በይ፣ መሰላሉ ያውልሽ» አሉ፤ ስትወጣም የመሰላሉን እግር ራሳቸው ያዙላት።

ኮሌጁ ጭስ ማውጫውን አስረዘመው። አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልንገርህ፤ መርማሪው ያገኘውን ለባለጉዳዩ ከተናገረ፣ ባለሙያውም ያንን ሰምቶ ከሠራ፣ ሰው ጋደም ብሎ ይተኛል። ሴትዮዋ ዛሬ ጋደም ብለው ይተኛሉ። የሳል ሽሮፔ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቷል፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ደንበኛ አጥቼ አላውቅም።

በቀደም ዶክተሩ ሣጥኑን አንግቦ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ሲያልፍ ጋሽ አይሆንም መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ለክተህ፣ መልሱን ሳትነግራቸው ልትሄድ ነው?»

«አይሆንም!» አለ ዶክተሩ።