በሁለት የብረት በር መካከል የተደረገ ዕርቅ

በእኛ ጊዜ ሰው ሲጣላ ይሸመገል ነበር እንጂ ብሎክ አይደራረግም ነበር። እኔና ተስፋዬ ግን ሁለቱንም ሆንን። ተስፋዬን ታውቁታላችሁ፤ ከልጅነቴ አብሮኝ የኖረ፣ ሱዳንም አብሮኝ የገባ፣ እዚህም ሚኒያፖሊስ አጠገብ ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን አብሮኝ የሠራ። ታዲያ የልጄ የሊያ ሠርግ ላይ፣ ይቺ እዚህ የተቀመጠችው፣ ማይክ ያዘና ወደ ሱዳን ስንሻገር ሰቲት ወንዝ ውስጥ እናቴን እየጠራሁ እንዳለቀስኩ ለሰው ሁሉ አወራ። ሰው ሳቀ። አማቾቼም ሳቁ። እኔ ስለዚያ ወንዝ ለሚስቴ እንኳ አውርቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም።

ሁለታችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ሊያስታርቁን ሁለቴ ሬስቶራንት ጠሩን። መጀመሪያ እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለተኛ እሱ ተነሥቶ ወጣ። እና ጋሽ መኮንን ጡረታ ሲወጡ የገዟት ጀልባ አለች፣ ኤደን ፕሬሪ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ የምትቀመጥ። አንድ ቅዳሜ ደወሉና "ና፣ ዓሣ እናጥምድ" አሉኝ። ሄድኩ። ሚኒያፖሊስ፣ ጀልባ የሚወርድበት ወንዝ ዳር ስደርስ ተስፋዬ ከመስጠም የሚያድን ብርቱካናማ የውሃ ጃኬት ለብሶ ጀልባዋ ላይ ተቀምጧል።

"ይኼ ምንድነው ጋሽ መኮንን?" አልኳቸው።

"ከጀልባዋ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ግባ" አሉኝ።

ልመለስ ብል መኪናዬን የጀልባዋ ተጎታች ዘግቶብኛል። ገባሁ። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሴንት ፖል ቁልቁል ወረድን፤ እኔ ፊት፣ እሱ ኋላ፣ ጋሽ መኮንን መሀል መሪው ላይ።

"ሰውዬው ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁልኝ" ይላል ተስፋዬ።

"አይፈልግም ይበሉልኝ" እላለሁ እኔ።

"ሰምቷል" ይላሉ ጋሽ መኮንን።

ታዲያ ሎክ የሚሉት አለ። ድሮ ዕቃ ሁሉ በጀልባ ሲመላለስ የሠሩት ነው። ወንዙ እዚያ ጋ በግድብ ተቆርጦ ታች ይወርዳል፤ ጀልባ ግን መዝለል አይችልም። እና ግራና ቀኝ ግንብ፣ ፊትና ኋላ የብረት በር። ትገባላችሁ፣ ከኋላ ይዘጋል፣ ውሃውን ያፈሱታል፣ ከውሃው ጋር ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ የፊቱ ይከፈታል። የኋላው በር ሲዘጋ ጋሽ መኮንን ሞተሩን አጠፉና "እንግዲህ ተነሥቶ የሚሄድ ካለ ይሂድ" አሉ።

ግንቡ ላይ የቆመው ሠራተኛ ጫፋቸው ላይ የታሰረ ሁለት ገመድ ወረወረልን፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን ተስፋዬ ያዝን። "አትሰሩት፣ ውሃው ሲወርድ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ" አለ በእንግሊዝኛ። ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛውም ገብቶኛል። እጄ ግን አልሰማም፤ ገመዱን አንጓዬ ላይ ጠምጥሞታል። ሰቲት ላይ ያሻገረን ደላላ ያስተማረን እንደዚያ ነው፤ "ጠምጥም፣ ብትሞትም እንዳትለቅ።" ያኔ ጺም እንኳ አላወጣንም። ወንዙ ሞልቷል፣ እኔ የገመዱን ጫፍ ይዤ ፊት፣ ተስፋዬ ከኋላዬ፣ ዋና አይችልም፣ እና እስከ ማዶ "እንዳትለቅ፣ እንዳትለቅ" እያለ ጮኸብኝ። ስንገባ ብዙ ነበርን። ይኼን እዚህ ልተወው።

ውሃው ወረደ። ገመዱ ተወጠረ። ተቀምጬ ነበር፣ ቆምኩ። ከዚያ በእግር ጣቶቼ ቆምኩ።

"ልቀቅ" አሉ ጋሽ መኮንን።

እጄ እምቢ አለ። ታዲያ ተስፋዬ የራሱን ገመድ ለእሳቸው ሰጠና መጣ፤ ወገቤን አቅፎ ሽቅብ አነሣኝ፣ ገመዱም ላላ።

"እግርህን እይ" አለኝ። አየሁ።

"እርጥብ ነው?"

"ደረቅ ነው።"

"እንግዲያው ተሻግረናል። ልቀቅ።"

ለቀቅኩ። ከሠርጉ ወዲህ ያናገርኩት ያን ጊዜ ነው።

ታች ደረስን። ግንቡ ከላያችን ሆነ። ጋሽ መኮንን ገመዱን እንደያዙ "በል ተስፋዬ፣ ሠርጉ ላይ ለምን አዋረድከው?" አሉት።

"አላዋረድኩትም። ወሬዬን አላስጨረሱኝም። 'አለቀሰ' ስል ሰው ሳቀ፣ ዲጄው ዘፈን ለቀቀ፣ ማይኩን ተቀበሉኝ። ቀጥዬ የምለው እኮ 'እያለቀሰም ገመዱን አልለቀቀም፣ እኔ በሕይወት ያለሁት በእሱ ነው' ነበር።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ብሎክ አድርገኸኝ በምን ልንገርህ?"

ጋሽ መኮንን "ተሳሳሙ" አሉ። ትከሻ ለትከሻ እንሳሳም ብንል የለበስነው የውሃ ጃኬት ወፍሮ ትከሻችን አልገናኝ አለ። እንደ ሁለት በርሜል ተጋጨን። "ይበቃል፣ በሩ ተከፍቷል" ብለው ሞተሩን አስነሡ። ዓሣ አልያዝንም። ለካ መንጠቆም አልያዙም ነበር።

"አባዬ፣ ግን ሪሊ፣ አልቅሰህ ነበር?" ትላለች ይቺ ደግሞ።

እሑድ ተስፋዬ ይመጣል፣ እሱን ጠይቂው። እስኪጨርስ ግን ሙዚቃ እንዳትከፍቱ።